«ሰው አላጣሁም፣ ግን ደህና አይደለሁም»

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። እናቴን የዛሬ ሁለት ዓመት ስትሮክ መታት። ከዚያ ወዲህ እኔ ጋ ናት፤ ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። ቀን እሠራለሁ፤ እሷን የምትጠብቅ ሰው ቀጥረናል። ማታና ቅዳሜ እሁድ ግን እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ወጪውን ይጋራሉ፣ በየሳምንቱም ይደውላሉ። ጓደኞቼም አልራቁኝም። ሁሉም «አይዞሽ፣ አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ» ይሉኛል። ግን ማታ እሷን አስተኝቼ ስቀመጥ ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከእኔ የባሰ አይታለች፤ ልጇ ለረጅም ጊዜ ታሞባታል። የቅርብ የምትለው ሰው አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ናት። ባልደረባዬ ግን ትስቃለች፣ እንቅልፏንም ትተኛለች። እኔ የጎደለኝ ምንድን ነው፤ ሰው ነው ወይስ ውስጣዊ ጥንካሬ? ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ብዬ ልጻፍልሽ፤ ቅር አይበልሽ።

ከመጨረሻዋ ጥያቄሽ ልነሳ። ሌላውን ሁሉ ያጣመመችው እሷ ትመስለኛለች። «የትኛው ይበልጣል?» ስትይ ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀመጥሻቸው። ድጋፍ ከውጭ የሚመጣ፣ ጥንካሬ ከውስጥ የሚወጣ፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚሞላው። የምክር ሥራ ስጀምር እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሰው ሲመጣ «ይሄ ያጣው ወገን ነው ወይስ ወኔ?» እያልኩ እመድብ ነበር። አላዋጣኝም። አሁን የማየው እንዲህ ነው፦ ውስጣዊ ጥንካሬ የምንለው አብዛኛው ነገር ድሮ ከሰው ያገኘነው ስንቅ ነው። የሰው ድጋፍ ደግሞ ከውስጥ በር የሚከፍትለት ካላገኘ ደጅ ቆሞ ይቀራል። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ደጅሽ ላይ ሰው የጠፋ አይመስለኝም። በሩ ላይ የሆነ ነገር አለ።

መጀመሪያ ስለ ድጋፍ ትንሽ ልበል። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚባለው ለማጽናናት ያህል ብቻ አይደለም። በ1979 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሊዛ በርክማንና ሊዮናርድ ሳይም አንድ ጥናት አወጡ። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ አላሚዳ በምትባል አውራጃ፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ አዋቂዎች ለዘጠኝ ዓመት ተከታትለው ነበር። ከሰው ጋር ያላቸው ትስስር በጣም የሳሳባቸው፣ ትስስራቸው ከጠነከረው ሰዎች ይልቅ በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሲጋራው፣ መጠጡ፣ የኑሮ ደረጃው ሁሉ ታስቦ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። በ2010 ደግሞ ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው አዩ። ከ300,000 በላይ ሰዎች ማለት ነው። ጥሩ ትስስር ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ይላል።

መድኃኒት ግን ዓይነት አለው። ለራስ ምታት የተሰጠ ኪኒን የተሰበረ እግር አይጠግንም። ጀምስ ሃውስ የሚባል ተመራማሪ በ1981 ድጋፍን በአራት ከፍሎታል። አንዱ ስሜት መጋራት ነው፦ መስማት፣ አብሮ ማዘን። ሌላው እጅ ነው፦ ጊዜ፣ ጉልበት፣ ገንዘብ። ሦስተኛው መረጃና ምክር። አራተኛው ራስሽን የምትመዝኚበት አስተያየት ነው፤ «የሚገባውን እያደረግሽ ነው» ዓይነት።

እስቲ ያንቺን ሰዎች በዚህ እንያቸው። ወንድሞችሽ ገንዘብ ይሰጡሻል። ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ገንዘብ ሌሊት ተነስቶ እናትሽን አያገላብጥም። ጓደኞችሽ «አይዞሽ» ይሉሻል። ጆሯቸውንስ ሰጥተውሻል? «እንዴት ነሽ?» ብለው ከጠየቁ በኋላ ስንት ሰከንድ ይጠብቃሉ? አንቺስ ከ«ደህና ነኝ» ሌላ መልስ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ ሰዓቱን የሰጠሽ ሰው አላየሁም፤ ከቀጠራችኋት በስተቀር። ያንቺን ነገር ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰውም አላየሁም።

በ1985 ሸልደን ኮኸንና ቶማስ ዊልስ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያዩ ድጋፍ በሁለት መንገድ እንደሚሠራ ለዩ። አንደኛው በደህናውም ቀን ይሠራል። ሰው መሀል መሆን፣ ስም መጠራት፣ መፈለግ በራሱ ደህና ያደርጋል። ሁለተኛው ጭንቅ ሲመጣ የሚነቃ ነው፤ እንደ መኪና ኤርባግ ነው። ይሄኛው የሚሠራው ግን ድጋፉ ከጭንቁ ጋር ሲገጥም ነው። አንቺ የመጀመሪያው አለሽ። የጎደለሽ ሁለተኛው ነው። ሰው እያለሽ ባዶነት የሚሰማሽ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ ምስጋና ቢስ ሆነሽ አይደለም።

አሁን ወደ ባልደረባሽ ልምጣ። የሰው ደህንነት ይበልጥ የሚያያዘው ከተቀበለው ድጋፍ ብዛት ጋር አይደለም። «ብፈልግ አገኛለሁ» ብሎ ከማመኑ ጋር ነው። በ1988 የወጣ፣ እስካሁን በብዙ ቋንቋ የሚሠራበት አንድ መጠይቅ አለ። 12 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኛና ስለ አንድ ልዩ ሰው ይጠይቃል። በወር ስንት ሰው እንደደወለልሽ አይጠይቅም። ዋናው ነገር ሲቸግርሽ አጠገብሽ የሚሆን፣ ችግርሽን የምትነግሪው ሰው አለ ብለሽ ታምኛለሽ ወይ የሚለው ነው። ባልደረባሽ ይሄ ያላት ይመስለኛል። ያለቻት አንዲት ሰው ናት፤ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ብትደውል እንደምታነሳላት ታውቃለች። ምናልባት አንድም ቀን ደውላላት አታውቅም። ማወቋ ብቻ ያስተኛታል።

(በነገራችን ላይ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ምን እንደምትሆን አታዪም። ቢሮ ውስጥ የሚታይ ሳቅ ግማሽ መረጃ ነው። እሷም ስለ አንቺ ለሌላ ሰው «ምን የመሰለች ጠንካራ» እያለች ይሆናል።)

የድጋፍ ብዛት ለምን ብቻውን እንደማይበቃ አንድ ጥናት ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በ2000 ኒያል ቦልጀርና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ለጥብቅና ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችንና አጋሮቻቸውን በየቀኑ ማስታወሻ አስያዟቸው። አንዱ «ዛሬ ደግፌዋለሁ» ወይም «አልደገፍኩትም» ይላል፤ ሌላው «ዛሬ ተደግፌአለሁ» ወይም «አልተደገፍኩም» ይላል። ለተፈታኙ ስሜት የተሻለው ቀን የትኛው ሆነ መሰለሽ? አጋሩ ደግፌዋለሁ ያለበት፣ ተፈታኙ ግን ምንም ያላስተዋለበት ቀን። ድጋፉ ሲታወቅማ ስሜቱን አንዳንዴ ጭራሽ ያወርደው ነበር። ምክንያቱን መገመት አይከብድም። «ልርዳሽ» የሚል ቃል ውስጥ «አልቻልሽም» የሚል ድምፅ ተደብቆ ሊሰማ ይችላል።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እርዳታ ስትቀበይ መሸማቀቅ የሚሰማሽ ከሆነ ያንቺ ብቻ ጉድለት አይደለም። የታወቀ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደዚያች ቃል እንምጣ። «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ።» ደብዳቤሽን ሳነብ ያስቆመችኝ እሷ ናት። የሚሏት ሰዎች ክፉ አይደሉም። እንዳደነቁሽ ነው የሚያስቡት። ግን ቃሏ አንቺ ላይ ስትደርስ ምን እንደምትሠራ እይው። ጠንካራ የተባለ ሰው ማልቀስ አይችልም። «ደከመኝ» ማለት አይችልም። «ቅዳሜ ማንም ሳይጠራኝ መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት አይችልም። ማዕረግ ተሰጥቶታል፤ ማዕረጉን መጠበቅ አለበት። ቃሏ ለተናጋሪው እፎይታ ናት፤ «እሷ ትችለዋለች፣ ስለዚህ እኔ ልሂድ» ያሰኛል። ለሰሚው ግን በሩን ዘግታ የተንጠለጠለች ቁልፍ ናት።

ደግሞ እንደ ማበረታቻም ደካማ ናት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 «እችላለሁ» የሚል እምነት ከየት እንደሚመጣ ሲጽፍ አራት ምንጮችን ጠቅሷል። ጠንካራው ራስ ሠርቶ መሳካት ነው። ቀጥሎ እንደ እኛ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየት አለ። ሌላው የሰው ቃል ነው፤ «ትችያለሽ» መባል። አራተኛው ሰውነታችን የሚነግረን ነው፤ የልብ ምት፣ ድካም፣ ውጥረት። ቃል ብቻውን ቶሎ ይተናል። በተለይ አራተኛው በተቃራኒው ሲጮህ። አንቺ ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቅተሽ፣ ጠዋት ዓይንሽ እየተቃጠለ ሥራ ገብተሽ «ጠንካራ ነሽ» ስትባይ፣ ሰውነትሽ «ውሸት!» ነው የሚለው። ሰውነትሽ ልክ ነው።

ታዲያ ውስጣዊ ጥንካሬ ምንድን ነው? እኔ የማምነውን ልንገርሽ፤ ለዚህም ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ ጥናት አለ። ኤሚ ወርነር በሃዋይ፣ ካዋይ በተባለች ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ከእናታቸው ማህፀን ጀምራ ለአሥርት ዓመታት ተከታተለች። ከመካከላቸው ድህነት፣ የወላጅ የአእምሮ ሕመም፣ መጠጥና ጠብ ባለበት ቤት ያደጉ ነበሩ። ከእነዚህ ሦስት እጁ ሁለቱ ተቸገረ። አንድ ሦስተኛው ግን ደህና ሰው ሆኖ አደገ። ሠሩ፣ ወደዱ፣ ተስፋ ነበራቸው። ተመራማሪዋ ምስጢሩን ስትፈልግ የልጆቹን ጠባይ አገኘች፤ ሰው ለማቅረብ የሚቀላቸው፣ ነገር ለመፍታት የሚሞክሩ ነበሩ። ግን ደግሞ ሌላ ነገር አገኘች። እነዚህ ልጆች ቢያንስ አንድ የሚያስብላቸው አዋቂ ነበራቸው፤ አያት፣ አክስት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። አንድ ሰው። ጥንካሬያቸው ሰው ያመጣላቸው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ጥንካሬያቸውን አበዛው። የቱ ቀደመ ብለሽ ብትጠይቂ መልስ የለውም። እየተጠላለፉ ነው ያደጉት።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አን ማስተን በ2001 በጻፈችው ላይ ይሄንን የመቋቋም ችሎታ ከተራ ነገር የተሠራ ነው ትላለች። ልዩ ተሰጥኦ አይደለም። ከሚወዱን ሰዎች፣ ከሚሠራ አእምሮ፣ ራስን ከመግዛት፣ «ነገ ይሻላል» ከሚል ተስፋ ነው የሚሠራው።

ይሄ ትስስር ሰውነት ውስጥ ሳይቀር ይታያል። በ2006 ጀምስ ኮንና ባልደረቦቹ 16 ባለትዳር ሴቶችን የአንጎል ምስል በሚያነሳ ማሽን ውስጥ አስተኝተው፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊመጣ እንደሚችል ነገሯቸው። አንዳንዴ ብቻቸውን ናቸው፣ አንዳንዴ የማያውቁት ሰው እጃቸውን ይይዛል፣ አንዳንዴ ባላቸው። የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ለስጋቱ የሚሰጠው ምላሽ ቀነሰ። ትዳራቸው ጥሩ የሆነላቸው ላይ ደግሞ የበለጠ ቀነሰ። ንዝረቱ ያው ነው። የተለወጠው ሸክሙን ስንት ሰው እንደያዘው ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። ድጋፍ ማጣት ስሜትን ያወርዳል፤ የወረደ ስሜት ደግሞ ያለውን ድጋፍ ይጋርዳል። ሰው ሲከፋው የተላከለትን መልእክት «ለደንቡ ነው» ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ከከፋሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ከተቃወሰ፣ ይሄን ጽሑፍ ተይውና ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ። «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ያንኑ ቀን ነው።

ወደ በሩ ልመለስ። አንድ ጊዜ አንቺን የመሰለ ሰው መጥቶ ነበር፤ ወንድ ነው፣ ሚስቱን የሚያስታምም። «ሰው አለህ?» አልኩት። ስልኩን አውጥቶ የኮንታክቱን ዝርዝር አሳየኝ፤ በአውራ ጣቱ ቢገፋው ቢገፋው አያልቅም። «ከእነዚህ ውስጥ ባለፈው ወር ለማን ነው ‹አልቻልኩም› ያልከው?» አልኩት። ስልኩን ዘጋው። ከፈተው። መልሶ ዘጋው። ከዚያ «እንደዚያ አይባልም እኮ» አለኝ። ዝርዝሩ ረጅም ነበር፤ አንዱንም ግን ችግሩን ነግሮት አያውቅም።

ወረቀት ሰጠሁትና በሦስት ከፈልነው። አንደኛው ላይ የሚያዳምጥ፣ ሁለተኛው ላይ መጥቶ የሚሠራ፣ ሦስተኛው ላይ የሚያስቅ። አንድ ሰው በሦስቱም ላይ እንዲገኝ አልጠበቅንም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ከወንድም ጆሮ ይጠብቃል፣ ወንድም ግን ገንዘብ መላክ ነው የሚችልበት። ከሳቂታዋ ጓደኛ ምክር ይጠብቃል። ከዚያ «ማንም የለኝም» ይላል። ሰውዬው ሚስማር የሚመታለት ጎረቤት ነበረው፤ ወሬ ግን አይችልም። የሚያዳምጥ ደግሞ ያገኘው ያልጠበቀው ቦታ ነው፤ ለአራት ዓመት ያልደወለለት የድሮ የክፍል ጓደኛው ላይ።

አንቺም ዛሬ ማታ ሞክሪው። ሦስተኛውን ረድፍ እንዳትዘይው፤ የሚያስቅ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ከዚያ ጥየቃው ነው። ከባዱ እዚህ ነው፤ እኔ እውነተኛ ውስጣዊ ጥንካሬ የምለውም እዚህ ነው የሚፈተነው። «የሚያስፈልገኝን አውቃለሁ፣ መጠየቅም ይገባኛል» ማለት አቅም ይፈልጋል። የሚያስፈራሽ እምቢታ ከሆነ ይሄን ስሚ። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች የማያውቋቸውን ሰዎች ትብብር ከመጠየቃቸው በፊት፣ የተወሰነ ሰው እሺ እንዲላቸው ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለባቸው ገመቱ። በተግባር የገመቱት ግማሽ ያህል በቃቸው። ሰው እኛ ከምናስበው በላይ እሺ ይላል። ፊት ለፊት ተጠይቆ እምቢ ማለት ለጠያቂው ቀላል ይምሰለው እንጂ ለተጠያቂው ከባድ ነው።

ግን አጠያየቅ አለው። «ትንሽ ብታግዙኝ» ብትይ «እሺ፣ ምን ጊዜም» ይሉሻል፤ «ምን ጊዜም» ደግሞ አይመጣም። እንዲህ ጻፊ፦ «ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት እማዬ ጋ ትቀመጪልኛለሽ? ልተኛ ነው።» ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ማለቂያው አለ። ምክንያቱን አታሳምሪው። «ጉዳይ አለኝ» አትበይ፤ «ልተኛ ነው» በይ። ለመተኛት ሰው ማስቸገር ነውር እንዳልሆነ መጀመሪያ የምትሰሚው ከራስሽ አፍ ይሁን።

ስትመጣልሽ ደግሞ ቤት አታጽጂላት። ይሄን የምለው ብዙ አስታማሚዎችን ስላየሁ ነው። ረዳት ሲመጣ እንደ እንግዳ ያስተናግዱና ሲወጣ ከበፊቱ የባሰ ደክመው ይቀራሉ።

ወንድሞችሽንም እንዲሁ። በሚቀጥለው ሲደውሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ይላሉ። መልሺላቸው። ከዚያ «እኔንም ጠይቁኝ» በያቸው። ልክ እንደዚያው፣ በአጭሩ። ትንሽ ይደነግጡ ይሆናል። ይደንግጡ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፤ ቀድሜ ልጠይቅሽ ፈልጌ እዚህ ድረስ ያቆየሁት። እናትሽ ከመታመሟ በፊት ሲከፋሽ ለማን ነበር የምትነግሪው?

ለእሷ ከነበረ፣ ማታ የሚሰማሽ ብቸኝነት ሌላ ስም አለው። ሐዘን ነው። እሷ አጠገብሽ ተኝታ እያለች የምትሰማሽን ሰው አጥተሻል። ይሄን ዓይነት እጦት ማንም «እግዜር ያጽናሽ» አይልበትም፣ ምክንያቱም ማንም አልሞተም። ጓደኞችሽ ቢበዙም የማይሞሉት ለዚህ ይሆናል፤ ስሙ ስላልተጠራ።

ግን የጻፍሽልኝ ግራ ጎኗ እንደማይታዘዝላት ነው። እንደዚያ ከሆነ የተጎዳው የአንጎሏ ቀኝ ክፍል ነው። ቋንቋ ደግሞ በአብዛኛው ሰው ላይ በግራው ክፍል ነው የሚገኘው። ስለዚህ ንግግሯ ደህና ሊሆን ይችላል፤ አልነገርሽኝም። ደህና ከሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ መድኃኒት ሰዓት፣ ስለ መገላበጥ፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ ብቻ ስታወሯት ቆይታችሁ ይሆናል። ታማሚም ሰው ነው። ሲደረግለት ብቻ መኖር ያደክመዋል፣ ማድረግም ይፈልጋል። በቀኝ እጇ ልብስ ማጠፍ ትችላለች። መስማትም ትችላለች።

ዛሬ ከማስተኛትሽ በፊት አሥር ደቂቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጪ። ስለ ሕመሟ አታንሺ። ቢሮ ያናደደሽን ሰው ንገሪያት። እንደ ድሮው ትሰድብልሽ።